የማርቪን ባወር ሁለት ዲግሪዎች፤ ለሥራ አመራር ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር



ሐኪም ያክማል፣ መሐንዲስ ይገነባል፤ የሥራ አመራር ምሩቅ ግን ሙያው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ በአንድ ቃል መመለስ ይቸግረዋል፤ ሥራው ሌሎች የሚያውቁትን ሥራ በቅጡ እንዲሠሩ ማስቻል በመሆኑ የእኔ ነው ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር ብዙም የለውም። ይህ ችግር ይበልጥ የሚጎላው በሥራ አመራር አማካሪነት፣ ማለትም ድርጅቶች በራሳቸው አቅም ያልፈቱትን የአሠራር እንከን ከውጭ በመጣ ገለልተኛ ባለሙያ እያስመረመሩ ለምክሩ ዋጋ በሚከፍሉበት መስክ ነው። ይህ መስክ በዓለም ዙሪያ ዛሬ ያለውን መልክ እንዲይዝ ብዙ ከደከሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ማርቪን ባወር ስለሆነ፣ ዲግሪ ለባለቤቱ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለመመርመር የእርሱ የሥራ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1903 በሲንሲናቲ ከተማ የተወለደው ባወር በ1928 ከሃርቫርድ በሕግ ቢመረቅም፣ በክሊቭላንድ ከተማ ሊቀጠርበት የተመኘው የሕግ ቢሮ ውጤቱን አይቶ ስላልተቀበለው፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1930 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። አንድን ሙያ ያቀናው ዲግሪ መጀመሪያ የተፈለገው ለሌላ ሙያ በር ማስከፈቻ ነበር ማለት ነው። በ1908 የተመሠረተው ይህ ትምህርት ቤት የሚታወቀው በጉዳይ ጥናት ዘዴው ነው፤ ተማሪው የአንድን እውነተኛ ድርጅት ችግር የሚተርክ ጽሑፍ አንብቦ ክፍል ይገባል፤ መምህሩ ትምህርቱን በመተንተን ፈንታ «የዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ተማሪውም የጎደለ መረጃ ይዞ፣ የሚቃወሙትን ጓደኞቹን እየሰማ፣ ውሳኔውን በምክንያት ይሟገትለታል። የዚህ ዘዴ ፍሬ ከመልሱ ይልቅ በልማዱ ላይ ነው። የሒሳብ ሹሙ ሒሳቡን፣ የሽያጭ ኃላፊው ሽያጩን ብቻ በሚያይበት ድርጅት ውስጥ ሁሉንም በአንድ ዐይን የሚያየው በዋናው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሲሆን፣ ተማሪው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው በዚያ ወንበር በሐሳብ መቀመጥን ይለማመዳል።

ዲግሪውን ይዞ በመጨረሻ በተመኘው ቢሮ ሲቀጠር፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ባወር ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸውን ድርጅቶች ጉዳይ ይከታተሉ ለነበሩ የቦንድ ባለቤቶች፣ ማለትም ለድርጅቶቹ በሰነድ ላበደሩ ሰዎች ኮሚቴዎች በጸሐፊነት ሲሠራ ከወደቁት ድርጅቶች መሪዎች ጋር የመነጋገር ዕድል አገኘ። ከዚህም የደረሰበት ድምዳሜ ቀላል ይመስላል፤ አብዛኞቹን መሪዎች ለውድቀት የዳረጋቸው ስንፍና ወይም አላዋቂነት ሳይሆን ታች ያሉ ሠራተኞች አስቀድመው ያወቁት ነገር ወደ ላይ ሳይደርስ መቅረቱ ነበር። ሕግ ብቻ የተማረ ሰው በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የዕዳ ውልንና የመያዣ መብትን አይቶ ያልፍ ነበር፤ ባወር ግን የታመመውን ድርጅት አየ። የሁለተኛው ዲግሪ ዋጋ የተገለጠው በዚህ ቦታ ነው።

በ1933 የተቀላቀለው የአማካሪነት ድርጅት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር በነበረው በጄምስ ማኪንዚ በ1926 የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቹ በ1937 ከሞተ በኋላ ባወርና ባልደረቦቹ የኒውዮርኩን ክፍል ይዘው በማኪንዚ ስም ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ ደግሞ የሕግ ዲግሪው ተራውን ሠራ፤ ባወር ከጠበቆች ሙያ የወሰደውን ሥርዓት፣ ማለትም የደንበኛን ጥቅም ከራስ ገቢ ማስቀደምን፣ ምስጢር መጠበቅን፣ እውነቱን ደንበኛው ባይወደውም መናገርንና ለደንበኛው የማይጠቅመውን ሥራ አልቀበልም ማለትን የአማካሪነት ሕግ አድርጎ ደነገገው። ድርጅቱን ከ1950 እስከ 1967 የመራው ይህ ሰው በ1963 የነበረውን አክሲዮን ከፍ ባለ የገበያ ዋጋ መሸጥ ሲችል በመዝገብ ዋጋ፣ ማለትም በሒሳብ መዝገቡ ላይ በሰፈረው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ለሸሪኮቹ መልሶ ሸጦላቸዋል።

ሥራው ድንበር የተሻገረው በእርሱ ዘመን ነው፤ በ1950ዎቹ በቬንዙዌላ ለሼል የነዳጅ ኩባንያ የተሠራው ጥናት ወደ አውሮፓ መንገድ ጠርጎ በ1959 የለንደን ቢሮ ተከፈተ። በዚያው አሥርት ዓመት ድርጅቱ ልምድ ካላቸው ሥራ አስኪያጆች ይልቅ አዲስ የሥራ አመራር ምሩቃንን በብዛት መቅጠር ጀመረ፤ ይህም ዲግሪውን የዓለም አቀፍ አማካሪነት መግቢያ በር አደረገው። ነገር ግን ዘዴው ከሥነ ምግባሩ ተነጥሎ ሊጓዝ እንደሚችል ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ አሳይቷል፤ በዚሁ ትምህርት ቤት ተምሮ በዚሁ ድርጅት ሸሪክ የነበረው ጄፍሪ ስኪሊንግ በ2001 በከሰረው የኤንሮን ኩባንያ በተፈጸመው ማጭበርበር ተፈርዶበታል፤ ድርጅቱም ራሱ ሱስ የሚያስይዙ የሕመም ማስታገሻዎች ሽያጭ እንዲጨምር በሰጠው ምክር ሳቢያ በ2021 ከአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጋር፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ 573 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል። ባወር በ2003 አርፎ ስለነበር ፍርዱንም ሆነ ስምምነቱን አላየም።

ከዚህ መስክ የወጡ ሐሳቦች ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደሉም። ቢፒአር በሚል ምህጻር የሚታወቀው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማይክል ሃመርና በአማካሪው ጄምስ ቻምፒ የተስፋፋ ሐሳብ ነው፤ ቢኤስሲ የተባለው ሚዛናዊ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛም በ1992 በአንድ ፕሮፌሰርና በአንድ አማካሪ አማካይነት ለንባብ የበቃ ነው። ሁለቱም እዚህ ሲደርሱ በብዙ ቢሮ ቅጽ ሆነው ቀሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቅጹ ተሞላ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ባለጉዳዩ ግን እንደ ወትሮው «ነገ ተመለስ» ተባለ። በ2011 በኢትዮጵያ ተቋም የተቋቋመለት የጃፓኖቹ ካይዘን፣ ማለትም ሠራተኛው ራሱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚያደርገው መሻሻል፣ ከሁለቱ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ብክነቱን የሚያውቀው ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው መሆኑን ከመነሻው ይቀበላል፤ ይህም ባወር በክሊቭላንድ ከወደቁት ድርጅቶች ከተማረው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ የዕለቱ ተመራቂዎች ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ፣ ከናይሮቢም ሆነ ከዋሽንግተን ለምክር ሲጠሩ፣ የኃላፊውን በር ከማንኳኳታቸው በፊት ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውና ከሾፌሩ ጋር ቁጭ ብለው ቡና እንዲጠጡ፣ የሰሙትንም ሳይቀንሱ ወደ ላይ እንዲያደርሱ አደራ ይባላሉ።