ለልምምድ ስለሚመጣው ተማሪ



በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ያን ጊዜ ወለጋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን በነቀምቴ ተቋቁሞላታል፤ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ አለው። ስለዚህ የወለጋ ልጅ ከቀዬው ብዙ ሳይርቅ መማር ይችላል፤ የጎደለው ሥራን በዓይኑ የሚያይበት ስፍራ ነው። ይኸውም የእርስዎ ቢሮ ነው።

ተማሪው የልምምድ ደብዳቤውን ይዞ ከደጅዎ ሲቆም ምን ይሰጡታል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወንበር ነው፤ እርሱም ከተገኘ። ጋዜጣ ሲያነብና ወረቀት ሲያመላልስ ወራቱ ያልቁና በመጨረሻ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ይፈረምለታል። ፊርማው ደግነት ይመስላል፤ ልጁን ግን ባዶ እጁን ይሰደዋል። ነገ የጊምቢን ቡና ቆልቼና አሽጌ ልሽጥ ቢል፥ የንግድ ፈቃድ በየትኛው መስኮት እንደሚጠየቅ፥ የሒሳብ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፥ ግብሩ በምን እንደሚሰላ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩ ያለቀለት አንድ ፋይል ይስጡት፤ ከማመልከቻው እስከ ማኅተሙ ይመርምረው። በማግሥቱ ባለጉዳይ ሲመጣ ከአጠገብዎ ተቀምጦ ረቂቁን እርሱ ይጻፍ። ቢሳሳት ቀይ እርሳሱ በእጅዎ ነው።