አጥንት ብቻውን ስም አይናገርም



በእኛው በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በምትባል ዋሻ፣ የ4,500 ዓመት አጽም ተገኝቷል። ሊቃውንት ከውስጥ ጆሮው ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት ዲ ኤን ኤ አውጥተው አነበቡ፤ ውጤቱም በ2008 ዓ.ም. ታተመ። ይህ አጥንት ሌላው ሲበሰብስ ዲ ኤን ኤን ደኅና አድርጎ የሚያቆይ ነው። የሟቹን ስም የሚያውቅ ግን ስላልነበረ «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው።

ላቦራቶሪ ስም የሚያገኘው በማነጻጸር ብቻ ነውና። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የሚበር አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ዘመዶች ናሙና ሰጡ። በእንዲህ ያለ ምርመራ በተመረጡ የዲ ኤን ኤ ቦታዎች አጫጭር ክፍሎች ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ይቆጠራል። ከልጅ ሁለት ቁጥሮች አንዱ በእናት፣ ሌላው በአባት ናሙና ሊገኝ ይገባል። በብዙ ቦታ ሲገጥም እናት የምትቀብረው የራሷን ልጅ መሆኑን ታውቃለች።