ከግድቡ እስከ እንሰቱ ጓሮ
(ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ጌዴኦ ገጠር በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ነገር ግን ስለ ከተማው መብራት አይደለም፤ ከዲላ ከተማ ወጣ ብሎ በወናጎ፥ በቡሌ፥ በይርጋ ጨፌ፥ በኮቸሬና በገደብ ተዳፋት ላይ እንሰቱንና ቡናውን ተክሎ ስለሚኖረው ገበሬ ነው። ከታላላቅ ወንዞቻችን የሚመነጨው ኃይል ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ጥቅሙስ እስከ ጓሮው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ብለን ስንጠይቅ፥ ነገሩ አንድ አምፑል ከማብራት እጅግ የሰፋ ሆኖ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ የኃይሉን መጠን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ሥራውን ሲጀምር የሚሰጠው ኃይል 43,000 ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ግድቡም ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በዘመኑ ለነበረው ሰው ከኃይሉ ሌላ ትርጉም ነበረው። ከዚያ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፥ ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ከጌዴኦ በስተደቡብ ምሥራቅ በጉጂና በባሌ መካከል የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ ተመረቀ፤ ኃይሉም 254,000 ኪሎ ዋት ነው። በዓባይ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150,000 ኪሎ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይህ ከቆቃ ጋር ሲነጻጸር መቶ ሃያ ያህል እጥፍ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ጆሮን ይሞላል እንጂ ለገበሬው ብዙ አይነግረውም። ስለዚህ በወፍጮ እንለካው። አንድ የእህል ወፍጮ የሚያዞር ሞተር 25 ኪሎ ዋት ይፈልጋል ብንል፥ ገናሌ ብቻውን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንዲህ ያሉትን ከ10,000 የሚበልጡ ወፍጮዎች በአንድ ጊዜ ያዞራል። ይህን ያህል ኃይል እያለን ግን ከሕዝባችን እኩሌታው ያህል እስካሁን በቤቱ መብራት የለውም፤ ከእነዚህም የሚበዛው ባላገር ነው። እንግዲህ ችግሩ ወንዙን መገደብ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ኃይሉ ከግድቡ ሲወጣ ሩቅ መንገድ እንዲጓዝ ግፊቱ በጣም ከፍ ይደረጋል፤ በሀገራችን 132፥ 230፥ 400 እና 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙ መስመሮች አሉ። እነዚህ በታላላቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጉ ሽቦዎች በገበሬው ማሳ ላይ ሲያልፉ ይታያሉ፤ ነገር ግን ማንም ከእነርሱ ላይ በቀጥታ ቀድቶ ሊጠቀም አይችልም። በገደል ሥር የሚወርድን ወንዝ እያዩ መጠማት እንደ ማለት ነው። ግፊቱ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያም በየቀበሌው በሚቆመው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና ወደ 220 ቮልት ሲወርድ ነው ወፍጮና አምፑል የሚስማማው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ኬንያ የሚገባው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በመንገዱ ላይ ላለ መንደር ከእርሱ መክፈል እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ልዩ ጣቢያ ይጠይቃል። ለሀገር የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፤ ከሥሩ ላለው ጎጆ ግን መብራት አይሆንም። ይህን የምለው መስመሩን ለመንቀፍ አይደለም። ታላቅ ሥራ በአጠገባችን ስላለፈ ብቻ ጥቅሙ በራሱ ጊዜ ወደ ቤታችን ይገባል ብለን እንዳንቀመጥ ነው።

መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም አውጥቶ፥ በ2011 ዓ.ም. ባሻሻለው ዕቅድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2025 ድረስ ለሕዝቡ ሁሉ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ፥ ከዚህም 65 በመቶውን በዋናው መስመር፥ 35 በመቶውን በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው ለመሸፈን አስቦ ነበር። የተባለው ዓመት ደርሶ አለፈ፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከሁለቱ መንገዶች ለጌዴኦ የሚስማማው የትኛው ነው ቢባል፥ በእኔ አስተያየት የሚበዛው ቦታ ዋናውን መስመር የሚሻ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ዞኑ በ1,210 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 847,434 ሕዝብ ነበረው፤ ይህም በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። ሰው ተራርቆ በሚኖርበት ቆላ አንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ ለሦስትና ለአራት ቤት ብቻ ይዘረጋል፤ በጌዴኦ ግን ያው ሽቦ ብዙ ደጆችን ያዳርሳል። አቀበቱና ቁልቁለቱ ምሰሶ ለሚተክለው ሠራተኛ መከራ መሆኑን አልክድም።

ኃይሉ ከደረሰ በኋላ ከሁሉ በፊት ጥቅሙ የሚታየው በቡናው ላይ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ስም በዓለም ገበያ የታወቀው በጣዕሙና በሽታው ነው፤ ያ ጣዕም ግን በዛፉ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ገበሬው ቀዩን እሸት ለቅሞ ያመጣበት ቀን ሳያልፍ መፈልፈል አለበት፤ ክምር ሆኖ ካደረ ይሞቃል፥ ይብላላል፥ ደረጃውም ይወርዳል። ከተፈለፈለ በኋላ የተጣበቀበት ዝልግልግ እስኪለቅ በገንዳ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እየተገላበጠ ይደርቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የመፈልፈያው መኪናና ውሃ የሚስበው ፓምፕ ሞተር ያስፈልጋቸዋል። መስመር በሌለበት ወይም ኃይሉ ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥበት ስፍራ ይህን የሚሠራው በናፍጣ የሚነሣ ጄኔሬተር ነው። የናፍጣው ዋጋ በወጣ ቍጥር ለእሸት ቡናው የሚከፈለው ዋጋ ይጫናል፤ ጉዳቱም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በለቃሚው ላይ ነው።

ሥራው የሚበዛው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት፥ ይልቁንም በምሽት ነው፤ ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ እሸቱን ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው ወደ ማታ ነውና። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ለአራትና ለአምስት ሰዓት ኃይል ቢጠፋ፥ በሐምሌ ለሁለት ቀን ከመጥፋቱ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። የመስመር ጥገናው በክረምቱ መጨረሻ፥ ከለቀማው በፊት ይለቅ ማለት ቀላል አሳብ ይመስላል፤ ብዙ ኩንታል ቡና የሚያድነው ግን እንዲህ ያለው ቀላል አሳብ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንና በሥሩ ያሉት መሠረታዊ ማኅበራት፥ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚያቀርበው ይልቅ በሚሰማ ድምፅ ሊያቀርቡት ይችላሉ።

ከቡናው ወደ ጓዳ እንግባ። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የሚመግበው ግን እንሰቱ ነው። እንሰቱን ፍቆ፥ ጨምቆ፥ በጉድጓድ አብላልቶ ቆጮና ቡላ ማድረግ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወገብ የሚቈርጥ ሥራ መሆኑንም ያላየ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ስፍራዎች ተሠርተው ተሞክረዋል። ጥቂት ቤቶች ተባብረው አንድ መሣሪያ ቢያቆሙና በኤሌክትሪክ ቢያንቀሳቅሱት፥ ቀናት ይወስድ የነበረው ድካም በእጅጉ ይቀላል።

የማገዶውም ነገር አለ። ቆጮው የሚጋገረው በምጣድ ነው፤ ምጣዱም እንጨት ይበላል። ሰው በዚህ መጠን በተጠጋጋበት ምድር እንጨቱ የሚመጣው ከሩቅ ጫካ ሳይሆን ከዚያው ከጓሮው ነው። ጌዴኦ ግን ዛፉን የሚጠብቀው እንዲሁ ለውበት አይደለም፤ ዋንዛው፥ ብርብራውና ኮርቹ ለቡናው ጥላ፥ ለመሬቱ ልብስ ናቸው። ከላይ ዛፍ፥ ከመካከል እንሰት፥ ከእንሰቱ ጋር ቡና አድርጎ ተዳፋቱን በጎርፍ ሳያስበላ የኖረበት ይህ ጥበብ፥ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሕዝብ ሲበዛ ማገዶም ይበዛል፤ ጥላው ከሳሳ ቡናው ይጎዳል፥ አፈሩም ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል።

ታዲያ መብራት ስለ ገባ ብቻ እንጨቱ ይተርፋል ብለን አንሳሳት። እስኪ እናስላው፦ መቶ ቤቶች እያንዳንዳቸው አራት አራት ባለ 10 ዋት አምፑል ቢያበሩ የሚፈልጉት ኃይል 4 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አንዱ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይጠጣል። ከመቶው ቤት 25ቱ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ 87.5 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህም የአንድ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ዐቅም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። እንግዲህ ለአምፑል ብቻ ታስቦ የተተከለ ትንሽ ትራንስፎርመር፥ ሰው ምጣድ መግዛት የጀመረ ዕለት ይቃጠላል። መንደሩም ወደ ኩራዙና ወደ ማገዶው ይመለሳል።

ስለ ጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ፥ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መጠጥ ውሃው ፓምፕ ብዙ አልናገርም፤ እነዚህን ጥቅሞች ሁሉም ያውቃቸዋል።

ስለ መስመሩ መንገድ ግን ሳልናገር አላልፍም። ሽቦ በሚያልፍበት ስፍራ ዛፍ ይቈረጣል፤ ካልተቈረጠም ቅርንጫፉ በነፋስ ወድቆ መስመሩን ይበጥሳል። በሌላ አገር ጥቂት ቍጥቋጦ መመንጠር ይሆናል፤ በጌዴኦ ግን የሚቈረጠው የአንድ ቤተ ሰብ ቡናና ጥላው ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በላዩ ላለው ቋሚ ተክል ካሳ እንዲከፈል አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ደንግጓል። ከካሳው የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው መስመሩ የመኪናውንና የእግሩን መንገድ ተከትሎ እንዲሄድ መምከር ነው። ጌዴኦዎች ነገር ሲኖራቸው በሶንጎ ተሰብስበው በሽማግሌዎች ፊት የመነጋገር የቆየ ልማድ አላቸው። ቀያሹ ካርታውን ይዞ ወደዚያ ሸንጎ ቢቀርብ፥ የትኛው ተዳፋት በክረምት እንደሚናድ፥ የትኛውስ ዛፍ እንደማይነካ ከመሐንዲስ መጽሐፍ የማያገኘውን ይሰማል።

ወጪውም የሚዘነጋ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች ዋጋ ዝቅ ተደርጎ የተተመነ ቢሆንም፥ ቆጣሪ ማስገባትና የቤቱን ውስጥ ሽቦ ማዘርጋት ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃል። ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው በቡና ወራት ስለ ሆነ፥ ክፍያው በዚያን ጊዜ ቢሰበሰብ፥ ወይም ማኅበሩ አስቀድሞ ከፍሎለት ከእሸቱ ሒሳብ ላይ ቢቀንስለት፥ ምሰሶ በደጁ ቆሞለት በጨለማ የሚያድረው ቤት ቍጥር ይቀንሳል።

እናንተም በዚያ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮቼ፥ ቀያሾች ወደ ቀበሌያችሁ በመጡ ጊዜ መብራቱ መቼ ይበራል ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ትራንስፎርመሩ ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር ነው? ወደ መፈልፈያውና ወደ ወፍጮው የሚሄደውስ መስመር ባለ ሦስት ፌዝ ነውን? ወፍጮው የሚቆምበትንም ስፍራ አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ አሳዩአቸው፤ ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ማዛወር እንደ ገና ወረፋ መጠበቅ ነውና።

ደኅና እደሩ።