ለጀማሪ የሚሆን ብረት ጠቋሚ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ ንግድ ለሚገባ ወጣት የትርፍና የኪሳራ፣ አንዳንድ ጊዜም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በመርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ስፍራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በሌላው ሰፈር ውዳቂ ነው ተብሎ የተጣለ ነገር ሁሉ እዚያ ሲደርስ እንደ ገና ዋጋ ያገኛል። ያረጀው በርሜል የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ባሌስትራ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል፤ ያለቀው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበውን በጆንያ ያመጣል፤ ባለ መደቡ ይገዛዋል፤ ቀጥቃጩ ደግሞ በመዶሻው አዲስ መልክ ይሰጠዋል። ከማለዳ እስከ ማታ የመዶሻው ድምፅ አያቋርጥም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከቆራሌዎቹ አንዱ የሆነ ወጣት ወደ እኔ መጣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ መዞሩን ትቼ የራሴን መደብ ልይዝ ነው። ነገር ግን የሚመጣልኝን ብረት ዓይነቱን ለይቼ ማወቅ ገና አልቻልሁም፤ እንዳልታለል እፈራለሁ። በእጅ የሚያዝ፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ ይሸጣል አሉ። ያጠራቀምኋትን ገንዘብ እኩሌታውን ከፍዬ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔም «ልጄ፣ መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት መሣሪያው የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ እንወቅ» አልሁት። ለእርሱ የነገርሁትን ለእናንተም ልድገመው።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ሳሕን ክብ በሆነ ነገር ውስጥ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ፣ በዙሪያው እንዲሁ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል በአፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ወይም መዳብ ወይም ወርቅ ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ያስነሣል፤ ሽክርክሪቱም በተራው የራሱን የማግኔት ኃይል ይመልሳል። መሣሪያው መልሱን ተቀብሎ ድምፅ ያሰማል። ለዚህ ጥበብ መሠረት የሆነውን ሕግ ሚካኤል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1831 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል።

ይህ ጥበብ ስሙ ከገነነበት ታሪክ አንዱ በአሜሪካ የሆነ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ተኙ። ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንደ ቀረ ሐኪሞቹ ማወቅ ስላልቻሉ፣ ቴሌፎንን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ መጣ። ነገር ግን ጥይቱን ሊያገኘው አልቻለም። ለዚህም ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ በሽተኛው የተኙበት አልጋ ከፍራሹ ሥር የብረት ሽቦ ስለ ነበረበት መሣሪያው ተሳስቷል የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ፍለጋው ሐኪሞቹ ጥይቱ አለ ብለው በገመቱት ጎን ብቻ መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ዐረፉ።

እንግዲህ አስቡት፤ ቤልን የሚያህል ሊቅ አንድ አልጋ ካሳሳተው፣ ምን አለሽ ተራ መካከል የቆመ ጀማሪ ምን ይሆናል? በዚያ ስፍራ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ መሬቱ ሚስማርና የላሜራ ቁራጭ የተሞላ ነው። መሣሪያው ባዞሩት አቅጣጫ ሁሉ ይጮኻል። ከዚህም በላይ መሣሪያው በመሠረቱ የሚመልሰው «በዚህ ስፍራ ብረት አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የባለ መደቡ ጥያቄ ግን ይህ አይደለም። ብረት መኖሩንማ በዐይኑ ያየዋል፤ በእጁ ይዞታል። የእርሱ ጥያቄ «የትኛው ብረት ነው?» የሚል ነው። ውድ የሆነውን መሣሪያ የምናባክነው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄያችንን ሳንለይ በመግዛታችን ነው።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የመከርሁት ከሁሉ ቀላልና ከሁሉ ርካሽ የሆነውን ብረት ጠቋሚ፣ ማለትም ማግኔትን ነው። ማግኔት ባትሪ አይጠይቅም፤ ከኪስ ይገባል፤ አያያዙን ለመማር የአንድ ሰዓት ትምህርት ይበቃል። ለመግዛትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ይህን ንግግር በሬዲዮ ስትሰሙ ከድምፅ ማጉያው በስተጀርባ ያለው ጥቁር ቀለበት ማግኔት ነው፤ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ደግሞ በዚያው በተራው አይጠፋም። ዛሬ በትንንሽ መልክ የሚሠሩት እጅግ ብርቱ ማግኔቶችም አሉ፤ ነገር ግን ጣት ይቆነጥጣሉ፣ ልባቸውን የሚያግዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በደረታቸው ለተከተተላቸው ሰዎችም አደገኛ ናቸው። ለጀማሪ የድምፅ ማጉያው ቀለበት ይበቃል።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። ማግኔቱን በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ዕቃው አቅርቡት። ብርቱ ሆኖ ከተሳበ በውስጡ ብረት አለ ማለት ነው፤ ውጪው ቢጫ ቢሆን፣ ቀይ ቢሆን፣ ቢያበራም ቀለሙ አያታልላችሁ። መዳብ የተቀባ የብረት ሽቦና ናስ የተቀባ የብረት እጀታ በዚህ ይጋለጣሉ። የማይሳብ ከሆነ ግን ገና ሥራው አላለቀም። መዳብም፣ ናስም፣ አሉሚኒየምም፣ እርሳስም፣ ዚንክም በማግኔት አይሳቡም። ከማይዝገው ብረት ወገን እንኳ ኒኬል የበዛበት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አይያዝም ወይም በጥቂቱ ብቻ ይያዛል።

ሁለተኛው መሣሪያ ሞረድ ነው። ዕቃውን ከማይታይ ጎኑ ፋቅ አድርጉና ከቅቡ ሥር ያለውን ቀለም ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ ወደ መዳብ፣ ቢጫ ከሆነ ወደ ናስ፣ ነጭ ከሆነ ወደ አሉሚኒየም ወይም ወደ ዚንክ ወይም ወደማይዝገው ብረት ይወስዳችኋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ናስ ነው የተባለ የቧንቧ መክፈቻ በናስ ዋጋ ገዝቼ፣ ማግኔቱ አልያዘውምና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በሞረድ ብፍቀው ኖሮ ከቢጫው ቅብ ሥር አመድ የመሰለው ዚንክ ይታየኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ተሰልችቼ ገንዘቤን ከሰርሁ።

ሦስተኛው መሣሪያ ሚዛንና ውሃ ነው። ይህ በጥንት ዘመን የሲራኩሱን ንጉሥ የወርቅ ዘውድ መርምሯል ተብሎ ከሚነገርለት ከአርኪሜዴስ የመጣ ጥበብ ነው። ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ውስጡ ባዶ ያልሆነውን ዕቃ በመጀመሪያ በደረቁ መዝኑ፤ ቀጥሎ በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ፣ የጣሳውን ወለል ሳይነካ በውሃ ውስጥ ፈጽሞ እንደ ሰጠመ መዝኑት። የመጀመሪያውን ሚዛን ለሁለቱ ልዩነት አካፍሉት። ለምሳሌ በደረቁ 850 ግራም፣ በውሃ ውስጥ 750 ግራም ቢመዝን፣ ልዩነቱ 100 ነው፤ 850 ለ100 ሲካፈል 8.5 ይሆናል፤ ይህም የናስ ቁጥር ነው። 710 ግራም የሚመዝነው በውሃ ውስጥ 610 ቢሆን ግን ውጤቱ 7.1 ነውና ዚንክ ነው። የአሉሚኒየም ቁጥር 2.7፣ የብረት 7.9፣ የመዳብ 9 ገደማ፣ የእርሳስ 11.3፣ የወርቅ 19.3 ነው። እነዚህን ቁጥሮች በመደባችሁ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ብትለጥፉ ከብዙ ክርክር ያድኗችኋል።

ይህን ስል ግን የሚጮኸው መሣሪያ ለምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። ቦታው ምን አለሽ ተራ አይደለም እንጂ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ በአፈር ውስጥ የጠፋን ነገር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ አገልጋይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ጀማሪ ሲገዛ ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለው የፖላንድ መኮንን የፈለሰፈውና በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜይን ጦርነት ፈንጂ ለመፈለግ ያገለገለው መሣሪያ ወደ 14 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚሠሩት ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ናቸው። ቢሆንም ግማሽ ቀን ሙሉ ክንድን ዘርግቶ ማወዛወዝ ያደክማልና፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይዛችሁ አወዛውዙት።

ሁለተኛው ቀላልነት ነው። ቁልፉ የበዛ መሣሪያ ለጀማሪ ጥያቄ ያበዛበታል እንጂ መልስ አይጨምርለትም። ተከፍቶ ወዲያው የሚሠራ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚቀበል፣ በገበያ የሚገኝ ተራ ባትሪ የሚጎርስ ይበቃል። ሦስተኛው እውነተኛ ችሎታው ነው። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ሚስማርና አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ቅበሩና ድምፃቸውን አስተያዩ። ቀላሉ መሣሪያ ሳንቲምን ከአንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት በላይ ሊያገኝ እንደማይችል፣ የብረት ማዕድን የበዛበት ቀይ አፈርም እንደሚያሳስተው አስቀድማችሁ ዕወቁ። ወርቅ አገኛለሁ ብላችሁ ጥሪታችሁን በእርሱ ላይ አታፍስሱ፤ ጤፍ የምታህለውን ወርቅ ለጀማሪ የተሠራው መሣሪያ አይሰማትም፤ ያለ ፈቃድ ማዕድን መፈለግም በሕግ ያስጠይቃል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ። ማግኔትም ይሁን ሞረድ፣ ሚዛንም ይሁን የሚጮኸው መሣሪያ፣ አንዳቸውም የማይነግሩን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው በውስጡ ያለውን ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትም ሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ጦርነቶች ሳይፈነዳ በምድር ላይ የቀረ ቦምብና የመድፍ ጥይት አለ። ማግኔቱ እርሱንም «ብረት ነው» ብሎ ይስበዋል፤ ናሱም በሞረድ ሲፋቅ ያምራል፤ ኪሎውም ያጓጓል። የብዙ ሕፃናትና የብረት ለቃሚዎች እጅና ዐይን የጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር ሜዳ ላይ ብታዩ አትንኩ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ሌላውንም አስጠንቅቁ፤ ለፖሊስ አስታውቁ። በጆንያ ውስጥ ከመደባችሁ ቢደርስ ደግሞ ሰውን ሁሉ አርቁ እንጂ አታንሡት፣ አትቀጥቅጡት። የተዘጋ የጋዝ ሲሊንደርና የማቀዝቀዣ ሞተርም ሳይመረመር በእሳት አይቆረጥም።

ሁለተኛው ባለቤቱን ነው። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የተፈታ ብረት፣ ከመሬት የተቆፈረ የስልክ ገመድ፣ ከመንገድ የተነሣ የጉድጓድ ክዳን በሚዛን ላይ ሲወጣ ከሌላው አይለይም። ነገር ግን በአንዱ ምክንያት አንድ ሰፈር ይጨልማል፤ በሌላው ምክንያት በሌሊት የሚሄድ ሰው ጉድጓድ ይገባል። ከአፈር የወጣ የጥንት ሳንቲም ወይም መስቀል ቢመጣም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲነገር ያዛል። የአክሱም ዘመን ሳንቲም አንዴ ከቀለጠ የጥቂት ግራም ነሐስ ብቻ ነው፤ ታሪኩን መልሶ የሚሠራው ቀጥቃጭ የለም። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው መሣሪያ የባለ መደቡ ዐይንና ሕሊና ብቻ ነው፤ አምጪውን «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅም ገንዘብ አያስከፍልም።

ወጣቱ ምክሬን ሰምቶ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ የተበላሸ የድምፅ ማጉያ ማግኔት፣ አንድ ሞረድና አንዲት ትንሽ ሚዛን ገዛ። የቀረውን ገንዘብ ለመደቡና ለዕቃ አዋለው። በቅርቡ ሳገኘው ማግኔቱ በክር ታስሮ በአንገቱ ተንጠልጥሎ ነበር። በዚያው ሰሞን በጆንያ ሥር አንድ ክንፍ ያለው የብረት ዕቃ አይቶ፣ ሰዉን አርቆ ፖሊስ እንዳስጠራ ነገረኝ። «ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ገበያ ቀረብኝ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም እንዲህ ያለ ኪሳራ ይብዛልህ አልሁት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። ለጀማሪ የሚሻለው መሣሪያም ውድ የሆነው ሳይሆን ሥራውን የሚያስተምረው ነው። ለዛሬው በዚሁ ይበቃኛል፤ ደኅና ሰንብቱ።