አድራሻው የማይለወጥ መንገደኛ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ከሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ በመኪና ወደ ባሮ ዳርቻ የሚያመራ መንገደኛ፣ በእጅ ስልኩ እየተነጋገረ ከአንዱ የኔትዎርክ ማማ ክልል ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ንግግሩ ሳይቋረጥ የሚቀጥለው፣ ርክክቡን የሚመራው ኔትዎርኩ ራሱ ስለሆነ ነው።

ችግር የሚፈጠረው ግን ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ኔትዎርክ በሚሻገርበት ጊዜ ነው፤ ስልኩ አዲስ የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጠዋልና፣ በቀድሞው አድራሻ የተጀመረው ግንኙነት ይበጠሳል።

ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም አቀፉ የኢንተርኔት ደንብ አውጪ ማኅበር በቁጥር 5213 የታተመው ሥርዓት፣ ድካሙን ከስልኩ አንሥቶ በኔትዎርኩ ላይ አኖረው፤ በየመዳረሻው የቆመው መሣሪያ እንደ እልፍኝ አስከልካይ የእንግዳውን መምጣት ለማእከላዊው መሣሪያ ያስታውቃል፣ ማእከላዊውም የቀደመውን አድራሻ እንደ ጠበቀ መልእክቱን በአዲሱ ጎዳና ይሰድዳል። ስልኩ በአንድ ዓይነት ሞገድ እስከ ተጓዘ ድረስ ከዚህ ሁሉ አንዳች አያውቅም፤ የጥበቡም ክብር፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚሁ ነው። እንደ ዋይፋይና ሞባይል ያሉ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ሲፈራረቁ ግን፣ ሁለቱን እንደ አንድ አስመስሎ የሚያቀርብ ረቂቅ ክፍል በስልኩ ውስጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሥርዓት በሁሉ ስፍራ አልተዘረጋምና፣ አድማጮቻችን፣ የኢንተርኔት ጥሪያችሁ በጉዞ እንዳይቋረጥባችሁ ብትሹ፣ ከመደወላችሁ አስቀድማችሁ ዋይፋዩን ዝጉ።