ሹሙ ተነሣ፣ ጭሰኛው ግን እዚያው ቀረ!

(ስለ ወላይታ ገበሬና ስለ ወንጂ ሠራተኛ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



የኛ ታሪክ ሲጻፍ ምን ጊዜም ከፊት የሚቀመጠው ሹም ነው፡፡ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ተሰቀለ … ያረሰው፣ ሸንኮራ የቆረጠው፣ ግብር የከፈለው ሰው «ሕዝቡ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል፡፡ እኔ ዛሬ ስለ ወላይታ ስናገር አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ ነው የቆምኩት፡፡ መብት ከሹም እጅ የተገኘ እንደሆነ፣ ሹሙ ሲነሣ መብቱ ወዴት ይሄዳል?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው፡፡ በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ካዎ ጦና ተማረከ፤ የወላይታም ነፃ መንግሥት አበቃ፡፡ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ መሬቱ ለጦር አለቃ፣ ለመልከኛና ለቤተ ክህነት ተደለደለ፡፡ ባለቤት የነበረው ሰው ገባር ሆነ፡፡ ለጌታው ያርሳል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፡፡ ስሙ እንኳ አልቀረለትም! እሱ ራሱን ወላይታ ብሎ ሲጠራ መንግሥት በደብዳቤም በካርታም «ወላሞ» እያለ ይጽፈው ነበር፡፡ ይህ ስም ከመንግሥት ወረቀት የወጣው ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ነው፡፡ ሰው በራሱ ስም ለመጠራት ሰማንያ ዓመት ሲጠብቅ አስቡት!

ጣልያን መጣ፡፡ ለራሱ ጥቅም ብሎ ገባርነትን አስቀረሁ አለ፡፡ ጣልያን ሲባረር በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ደግሞ ግብሩ በገንዘብ ይሁን፣ የድሮው የጉልበት ግዴታ ይቅር አለ፡፡ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን መሬቱ የማን ነው? ግብር ከፋይ ሆኖ በመዝገብ የሰፈረው ባለመሬቱ ነው፡፡ አራሹስ? ገባርነቱ ቀርቶለት ጭሰኛ ሆነ፡፡ ስሙ ተቀየረ እንጂ ሸክሙ የት ሄደ? ከዘራው ላይ እኩሌታ ወይም ሲሶ ይሰጣል፣ አሥራት ይከፍላል፣ ባለመሬቱ ሲከፋው ደግሞ ይነቀላል፡፡

እዚህ ላይ ነው ገርማሜ ንዋይ የሚመጣው፡፡

ገርማሜ አሜሪካን አገር የተማረ ሰው ነበር፡፡ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፉን የሠራው ነጮች በኬንያ ስላካሄዱት ሰፈራ ነው፡፡ የኬንያ ገበሬ መሬቱን ተቀምቶ በገዛ አገሩ እንዴት ቀን ሠራተኛ እንደሆነ አጥንቶ ነው አገሩ የገባው፡፡ ታዲያ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሶዶ ሲደርስ ምን የሚያይ ይመስላችኋል? ያው በመጽሐፍ ያነበበውን! ልዩነቱ እዚህ ባለመሬቱ ነጭ አለመሆኑ ብቻ ነው፡፡

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለ? ገርማሜ ተረቱን ገለበጠው፡፡ ሕዝቡን አስተባብሮ መንገድና ድልድይ አሠራ፣ ትምህርት ቤት አስከፈተ፡፡ ይህን ሁሉ ባለመሬቶቹ ታገሡት፡፡ ያልታገሡት ሌላ ነው፡፡ ጦም ያደረውን መሬት መሬት ለሌላቸው ሰዎች ማደል ጀመረ! ያኔ አቤቱታው ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ፡፡ ጃንሆይ አስጠርተው ሲጠይቁትም፣ ሰዎቹ መሬት አጥተው ተርበው እንደመጡ፣ መሬት ደግሞ እንደነበረ፣ ገዥያቸው ስለሆነም እንደሰጣቸው መለሰ ተብሎ ይነገራል፡፡ መልሱ ቀላል ነው፤ ያስከተለው ግን ቀላል አልነበረም፡፡ ከወላይታ ተነሥቶ ጅጅጋ ተላከ፡፡

የቀረውን ታውቁታላችሁ፡፡ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፡፡ ከጥቂት ቀን በላይ አልቆየም፡፡ ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞተ፤ መንግሥቱ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ፡፡

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፡፡ ገርማሜ ከሶዶ ሲነሣ እደላው ለምን ቆመ? ክፉ ሹም ስለተተካ ብቻ ነው? እንዲያ ካልን ገና አልገባንም ማለት ነው፡፡ እደላው የቆመው መሬቱን የሚጠብቅ ማኅበር ስላልነበረ ነው፡፡ ጭሰኛው በየጎጆው ለየብቻው ነበር፡፡ ባለመሬቶቹ ግን ባይመዘገቡም ማኅበር ነበራቸው፡፡ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ አቤቱታ ያስጽፋሉ፣ ቤተ መንግሥት ሰው አላቸው፡፡ የተደራጀው ያልተደራጀውን አሸነፈ፡፡ ነገሩ ይኸው ነው፡፡

«ሕጉ አይፈቅድም ነበር» የሚል ይኖራል፡፡ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ ለሥራው ሲል ማኅበር የማቋቋም መብት አለው ይል ነበር፡፡ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት የምትል ጭራ አለችው፤ ሕጉ ግን ዓመታት አልወጣም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ስለ ጭሰኛው ለመናገር አልዘገየም! በዓይነት የሚከፈለው ኪራይ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ደነገገ፡፡ ይህ እንግዲህ ጭሰኛውን ለመጠበቅ የወጣ መሆኑ ነው፡፡ ከአራት ቁና አንዱን ለአራሹ!

እስቲ አሁን የወላይታን ሰው ተከትለን ከወላይታ እንውጣ፡፡ መሬት የጠበበበት ወጣት ወዴት ሄደ? ብዙው ወደ አዋሽ ሸለቆ፣ ወደ ወንጂ ወረደ፡፡ ከጃቫ የመጣው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ሸንኮራውን የሚቆርጠው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የመጣ ጉልበት ነበር፡፡ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ምንዳ!

ግን ወንጂ ላይ አንድ ነገር ተለየ፡፡ ሺህ ሰው አንድ ቦታ፣ በአንድ አሠሪ ሥር ዋለ፡፡ ብሶቱ አንድ ሆነ፡፡ የሠራተኛ ማኅበር ባልተፈቀደበት በዚያ ዘመን የአገራችን ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰቡ ነበር፡፡ መንግሥት ለቀብር ተሰበሰባችሁ ብሎ እንዴት ይከልክል? በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የሠራተኛና አሠሪ ድንጋጌ ሲወጣ የተሰጠ ስጦታ አድርገው የሚያወሩ አሉ፡፡ ስጦታ አይደለም! የታኅሣሡ ድንጋጤና የሠራተኛው ግፊት ያስወጣው ነው፡፡ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ፡፡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ ስኳር ሠራተኞች የወጣ ሰው ነበር፡፡ ይኸው ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሩን ቀጥ አደረገ፡፡

ጉድለቱንም እንናገር፡፡ ሕጉ ጭሰኛውን ከነጭራሹ አላየውም፡፡ ወንድምየው ወንጂ ላይ የማኅበር አባል መሆን ሲችል፣ ዳሞት ላይ የቀረው ታላቁ ግን ከጌታው ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ይቆም ነበር፡፡ አንድ እናት የወለደቻቸው!

ታዲያ ወላይታ ውስጥ ሰው ራሱን ችሎ ተደራጅቶ አያውቅም? ያውቃል እንጂ! በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ፡፡ እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ተገረፉ፣ ታሰሩ፡፡ ጸሎት ቤታቸው ፈረሰ፡፡ ጣልያን ወጥቶ የውጭ ሰዎቹ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ነበር፡፡ እኔ ይህን የማነሣው ስለ ሃይማኖት ለመስበክ አይደለም፡፡ ደመወዝ የሚከፍል፣ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ከላይ የሚያዝ ሹም ሳይኖር ሰዎች መሪ መርጠው፣ መዋጮ አዋጥተው፣ እስር ቤት ላለው ስንቅ አቀብለው መቆም እንደሚችሉ ለማሳየት ነው፡፡

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ወጡ፤ ከ10 ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬቱ ታወጀ፡፡ የወላይታ ጭሰኛ ከጭሰኝነት ወጣ፡፡ ይህን ማንም አይክደውም፡፡ ነገር ግን ደርግ ባንድ እጁ መሬት ሰጥቶ በሌላው ማኅበሩን ወሰደ፡፡ ኢሠአማን አፈረሰው፡፡ የገበሬ ማኅበሩንም የእህል ኮታ ማስገቢያና ወጣት ለጦር ማፈሻ አደረገው፡፡ ከላይ የመጣ ማኅበር ወደ ላይ ነው የሚያየው፡፡

በተቃራኒው 1992 ዓ.ም.ን አስታውሱ፡፡ «ወጋጎዳ» የተባለውን የተቀላቀለ ቋንቋ መጽሐፍ በልጆቻችን ላይ ሲጭኑ፣ እምቢ ያለው የትኛው ሹም ነው? መምህራን፣ ተማሪዎችና የሶዶ ሕዝብ ናቸው፡፡ ታሰሩ፣ ተዛወሩ፣ ሕይወትም ጠፋ፡፡ መጽሐፉ ግን ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ፡፡

«ገርማሜን ልታሳንስ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ አይደለም! እንደ እሱ ያለ ሹም ብናገኝ እሰየው ነው፡፡ ግን ደግ ሹም ስንጠብቅ ስንት ዓመት አለፈ? ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፡፡ ቢሮውና ወንበሩ በዝቷል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ግን የወላይታ መምህራን የሠሩበት ደመወዝ ይከፈለን ብለው ድምፃቸውን አሰምተዋል፡፡ ወንበር መብዛቱ ለሠራተኛው እንጀራ አልሆነውም ማለት ነው፡፡

ወንድሞችና እህቶች፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም እንተርተዋለን፡፡ ማበሩ ላይ ነው የምንሰንፈው፡፡ መምህሩ የመምህራንን፣ የቀን ሠራተኛው የሠራተኛን፣ ገበሬው የገበሬን ማኅበር የራሱ ያድርገው፡፡ ሊቀ መንበሩን ራሱ ይምረጥ፣ ሒሳቡን ራሱ ይመርምር፣ የታሰረበትን አባል ራሱ ይጠይቅ፡፡ ሹም ይመጣል፣ ሹም ይሄዳል፡፡ የሚቀረው ሕዝቡ ነው፤ ሲቀር ግን እንደ ጭሰኛው ለየብቻው አይቅር!