አደራ የተቀበሉ ሊቃውንት
(ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)



ስለ መሪነት ሲነገር ዘወትር የሚነሡት ነገሥታት ናቸው። እኔ ዛሬ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስን ላነሣ ወደድሁ። እኒህ ሊቅ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ዐረፉ፤ ሥራውንም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ በኢየሩሳሌም፣ ኋላም በአገር ቤት ሲደክሙበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ፤ በ1948 ዓ.ም.ም ታተመ። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህራቸውን አስቀደሙ።

ከሦስቱ አንዱ ተተኪ ባያገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በረቂቅ በቀረ ነበር።

በየአጥቢያችን ያሉ የአብነት መምህራን ደቀ መዝሙር የሚያጡት ተማሪ ጠፍቶ አይደለም፤ የመጣው በረኃብ ስለሚበተን ነው። «ሊቃውንቱስ ቁራሽ ለምነው አይደል የተማሩ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ትቶ የሄደውን ማን ቈጠረው?

ስለዚህ በዘንድሮው በጀታችሁ ከአጥሩና ከአዳራሹ በፊት የመምህሩ ደመወዝና የተማሪው ቀለብ እንዲጻፍ እለምናችኋለሁ።